የካርቶን ታብሌት

ታብሌቶቹ የመጡ ዕለት ትምህርት ቤቱ ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። መኪናው በር ላይ ቆሞ ካርቶኖቹ መውረድ ሲጀምሩ ተማሪው ከየክፍሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ዘበኛው ሳይቀር ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ሸክም አገዘ። በየካርቶኑ ላይ «ለሥዕል ትምህርት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የሥዕል መምህሩ ይኼን ሲያነብ እንባው መጣ። ምን ይደረግ! ዕድሜ ልኩን አንድ እርሳስ ለሁለት ልጅ እየሰበረ ሲያካፍል የኖረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ በሌለበት «ጋሽ ብሩሽ» ይሉታል፤ ስሙን ያውቃል፣ ደስ ስለሚለውም ያላወቀ መስሎ ያልፋል።

ደስታው ግን ብዙም አልቆየለት። ለአዲሱ መንፈቅ ቀለምና ወረቀት ሊጠይቅ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ።

«መምህር፣ አንተ ደግሞ አታፍርም?» አለ ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ያን ሁሉ ታብሌት አምጥተንልህ የምን ቀለም ነው? የሥዕል በጀት እኮ በታብሌት ተተክቷል። ከእንግዲህ ቀለም የሚባል ነገር የለም።»

«እሺ፣ ታብሌቱን ስጡኛ!»

«እኔን ምን ትለኛለህ? ንብረት ክፍል አለ አይደል? ፈርመህ ማውጣት ነው።»

ፈርመህ ማውጣት ነው! አፍ ላይ እንዴት ይቀላል!

ንብረት ክፍሉን የያዙት ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። መምህራኑ «እትዬ መዝጊያ» ይሏቸዋል፤ በር ሲከፍቱ ያያቸው የለም፣ ሲዘጉ ግን ያልሰማ የለም። ታብሌቶቹን ከነላስቲካቸው የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ደርድረው፣ ቁልፉን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አጥልቀውታል። ወረቀቱን አወጡና ወደ ጋሽ ብሩሽ ገፋ አደረጉለት።

«ልብ ብለህ አንብብ፣ የኔ ልጅ። በኋላ እትዬ አልነገሩኝም እንዳትል።»

አነበበ። የተሰበረ፣ የተጫረ፣ የጠፋ፣ የተበላሸ፣ ሁሉም ከፈራሚው ደሞዝ ይተካል ይላል። የክፍሉ ልጆች ዐይኑ ላይ መጡበት፤ ሲጋፉ፣ ሲሯሯጡ፣ ውሃ ሲረጫጩ። ቀጥሎ የሙዚቃው መምህር መጣበት። ያ ምስኪን፣ የሙዚቃ ኪቦርድ ፈርሞ አውጥቶ ነበር፤ አንዱ ልጅ ውሃ ደፋበት፣ ይኼው እስከ ዛሬ ከደሞዙ ይቆረጣል። የተበላሸውም ኪቦርድ የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ ተመልሶ ተቆለፈበት። ድሮ ሳያንጎራጉር ኮሪደር የማያልፍ ሰውዬ አሁን ካልጠየቁት አይናገርም።

ጋሽ ብሩሽ ቤቱ ገብቶ ነገሩን ለባለቤቱ ሲነግራት ጨርሶም አላስጨረሰችው።

«ፈርምና ከዚያ በኋላ እኔን አታውቀኝም! ልጅህን ኮሌጅ ማን ሊያስተምርልህ ነው? ታብሌቱ?»

ስለዚህ አልፈረመም። ነገ እፈርማለሁ አለ፤ ነገ ሲመጣ ለሌላ ነገ ቀጠረው። ቀለም የለም፣ ታብሌት አለ ተብሏልና። ታብሌቱ ደግሞ ተቆልፏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ይኼው ነው።

ይኼ ሁሉ እንኳ እንደ ብዙው ነገር ተነጫንጮ ይታለፍ ነበር፣ ጉንዳን ባትኖር።

ጉንዳን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደቃቃ ናት፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ተሸክማ ስለምትሮጥ ጓደኞቿ ናቸው ስሙን ያወጡላት። እናት የላትም። አባቷ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ሸራ ወጥሮ ጫማ ይሰፋል፤ እሷም ሥዕል የጀመረችው እዚያው ሸራ ሥር፣ በጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ነው። ጋሽ ብሩሽ ብዙ ልጅ አስተምሯል፤ እንዲህ ያለ እጅ ግን አላየም። አንድ ቀን አባቷን ክር በመርፌ ሲያስገባ ስላው ሲያይ፣ ወረቀቱን ይዞ መምህራን ማረፊያ ድረስ ሮጦ «ኧረ እዩልኝ! ኧረ እዩልኝ!» ብሎ ነበር። የሂሳቡ መምህር «ጥሩ ነው» አለና ሻዩን ቀጠለ።

አሣሣሏ ደግሞ ለብቻው ነው። ወረቀት ብርቅ በመሆኑ ጋሽ ብሩሽ አንድ ሕግ ነበረው። «መጀመሪያ በዐይናችሁ ጨርሱት» ይላል። «ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ እስኪታያችሁ እጃችሁን እንዳታሳርፉ። ላጲስ ወረቀት ይበሳል፤ ሁለተኛ ወረቀት ደግሞ የለንም።» ሌላው ልጅ በዚህ ጆሮው ሰምቶ በዚያ ያወጣዋል። ጉንዳን ግን የምሯን ያዘችው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶውን ወረቀት ታፈጥበታለች። ታፈጥበታለች፣ ታፈጥበታለች፤ የማያውቃት ያንቀላፋች ነው የሚመስለው። ከዚያ ድንገት ብድግ ያለች እጅ እስክትጨርስ አትቆምም። ላጲስ አታውቅም።

ያን ዓመት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተለጠፈ። ስምንተኛን የሚጨርስ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈተነው ነው፤ ያለፈ ልጅ ማደሪያውም ምግቡም ትምህርቱም በነፃ ይሆንለታል። ጋሽ ብሩሽ አባትየው ዘንድ ሄደና ዱካው ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ እንኳ አላውቅበትም፣ መምህር» አለ ጫማ ሰፊው ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። «እህቴ ለዳቦ ቤቷ ሰው ትፈልጋለች። ስምንተኛን ስትጨርስ ትግባልኝ ብላ እሺ ብያታለሁ። ግን እርስዎ ታልፋለች ካሉኝ ትፈተን። ካለፈች ትማር፤ ካላለፈች ዳቦ ቤት ነው። ከዚህ ሌላ የምችለው የለም።»

«ታልፋለች!» አለ ጋሽ ብሩሽ። «ይቺ ካላለፈች ማን ሊያልፍ ነው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወዲያው ሌላ ወሬ ተከተለ። ዘንድሮ ፈተናው በወረቀት አይደለም፣ በታብሌት ነው ተባለ። ያውም እዚህ ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ዓይነት ታብሌት!

ጋሽ ብሩሽ ክው አለ። ቁልፉ የተፋቀ አሮጌ ስልክ ነው የያዘው፤ በጣት የሚነካ ነገር ይዞ አያውቅም። ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ታብሌቶቹ የመጡባቸው ካርቶኖች ከንብረት ክፍሉ ጀርባ ተጥለው ነበር፤ ሰበሰባቸው። ክዳናቸው ላይ የታብሌቱ ፎቶ ከነሥዕል መሣያው አለ። ካርቶኑን በልኩ እየቆረጠ፣ ፎቶውን እያየ ለየልጁ የካርቶን ታብሌት ሠራ። ብሩሹ እዚህ ጋ፣ ቀለሞቹ ከጎን፣ ላጲሱ እዚያ ጋ፣ የተሳሳቱትን መመለሻ ቀስት ከላይ። ከታች መሃል ላይ አንዲት ክብ ነገር አለች፤ እሷንም ሳላት።

«ቲቸር፣ ይቺስ ምንድን ናት?» አለች ጉንዳን።

ጋሽ ብሩሽ አላወቃትም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለአስተማሪ ሞት ነው።

«እሷን ተያት፤ ለጌጥ ናት» አላት።

እንዲህ ሆነና የካርቶን ትምህርት ተጀመረ። «ብሩሽ!» ሲል ሁሉም ጣቱን ብሩሹ ላይ ያሳርፋል። «ቀይ!» ሲል ቀዩ ላይ። ልጅ መቼም ልጅ ነው፤ አንዱ ካርቶኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሄሎ! ሄሎ! ኔትወርክ የለም!» እያለ ክፍሉን በሳቅ ያፈርሰዋል። ጋሽ ብሩሽም አብሯቸው ይስቃል። ጉንዳን ሁሉንም ሸመደደችው። ዐይኗን ጨፍና እንኳ ጣቷ አይስትም። የያዘችው ካርቶን ከመነካቱ ብዛት ጠርዙ ተልጦ ነበር።

በመሃል ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ያን ቀን ቁምሳጥኑ ተከፈተ። እትዬ መዝጊያ ታብሌቶቹን ከነላስቲካቸው በየጠረጴዛው አስቀምጠው፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚዋኝ ዓሣ ከፈቱበት። ዳይሬክተሩ ከፊት ቆመና ጣቱን ቀሰረ።

«እጅ ወደ ኋላ! የነካ ልጅ ወዮለት! ይኼን ያበላሸ አባቱ ቤቱን ሸጦ ይከፍላል፤ ቤት የሌለው ደግሞ እስር ቤት ይገባል!»

ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዓሣውን አዩ። እንግዶቹ ገቡ። ዋናው ሰውዬ ፈገግ ብሎ «ደስ ይላል! ልጆቹ ከቴክኖሎጂ ጋር ተዋውቀዋል ማለት ነው» አለና ፎቶ ተነሣ፤ ሄዱ። ተዋውቀዋል! እጅ እንኳ ሳይጨባበጡ!

ሲወጡ ጉንዳን የጋሽ ብሩሽን ኮት ጎተት አደረገችው።

«ቲቸር፣ ሲነኩት ምን ይላል? ይሞቃል እንዴ?»

«ታይዋለሽ፣ የኔ ልጅ» አላት።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት፣ ጋሽ ብሩሽ ቆርጦ ንብረት ክፍል ሄደ። እትዬ መዝጊያ ቀና ብለው አዩት። ሴትዮዋ ስማቸው ነው እንጂ ክፉ አይደሉም።

«ለጫማ ሰፊው ልጅ ነው አይደል? እኔም ሰምቻለሁ። አንዷን ብቻ ፈርመህ ውሰድና አንድ ሰዓት ትነካካው፤ ከዚያ መልስልኝ።»

ከቁምሳጥኑ አንዷን አወጡና እስክሪብቶ ሰጡት። ጋሽ ብሩሽ ያዘው። ወረቀቱ ላይ ስሙ የሚጻፍበትን ክፍት ቦታ አየ። የሙዚቃው መምህር፣ የባለቤቱ ቁጣ፣ የልጁ የኮሌጅ ክፍያ ተራ በተራ ተሰለፉበት። ብትወድቅባትስ? ብታንሸራትታትስ? ካርቶኑን ጥንቅቅ አድርጋ ታውቀው የለ? ያው እኮ ነው። ምን አዲስ ነገር አለው?

«ያው ነው መሰለኝ፣ እትዬ» አለና እስክሪብቶውን መለሰላቸው። «በደንብ ተለማምዳለች።»

እትዬ መዝጊያ እስክሪብቶውን ተቀበሉት። ታብሌቷን መልሰው ቆለፉ።

በማግስቱ ጫማ ሰፊው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጣቶቹ ላይ የቀረውን የጫማ ቀለም ለመደበቅ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መጣ። ጋሽ ብሩሽና እሱ ጉንዳንን ይዘው ፈተናው ያለበት ግቢ ደረሱ። ሌሎቹ ልጆች የራሳቸውን ታብሌት ከቦርሳ እያወጡ ለመጨረሻ ጊዜ ይነካካሉ። ጉንዳን ካርቶኗን ደረቷ ላይ አቅፋለች። አንዲት ልጅ አይታት ሳቀች፤ ጉንዳን ካርቶኑን ለአባቷ ሰጥታ ገባች።

ጥቂት ቆይቶ ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ መውጣት ጀመሩ። ይስቃሉ፣ የሳሉትን ያወራሉ። ጉንዳን የለችም። ጋሽ ብሩሽ «እየለፋችበት ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው» አለ። አባትየውም «አዎ፣ እሷ አትቸኩልም» አለ። በመጨረሻ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። እጆቿ ወደ ኋላ ተጣምረዋል።

«እንዴት ነበር?» አላት ጋሽ ብሩሽ።

«ቲቸር፣ እኔ አልነካሁትም» አለች። «እግዜር ምስክሬ ነው፣ አልነካሁትም። በራሱ ነው የጠፋው።»

«ምኑ ነው የጠፋው?»

«ሁላችሁም ታውቁታላችሁ አይደል ሲሉን ሁሉም አዎ አለ፤ እኔም አዎ አልኩ። ከዚያ እርስዎ እንዳሉን መጀመሪያ በዐይኔ ልጨርሰው ብዬ አየሁት። አባዬን ከነሸራው ልስለው ነበር። ሙሉ ሆኖ ታይቶኝ፣ ልጀምር ስል ድርግም አለ። ጥቁር ሆነ።»

«ለምን አልተናገርሽም? ለምን እጅሽን አላወጣሽም?»

«ሰበርሽው ቢሉኝስ?» እንባዋ ወረደ። «እኛ ቤት የለንም። አባዬን ቢወስዱትስ?»

እስክትወጣ ድረስ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጥቁሩን መስታወት ስታይ ነው የቆየችው። «ይቺ ልጅ ስልክ አይታ አታውቅም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይታለች። ማየት ሌላ፣ እጅን ማሳረፍ ሌላ።

ጫማ ሰፊው ግን የሰማው አንዱን ነገር ብቻ ነበር። «ሰበረችው እንዴ?» አለ ደንግጦ። ጋሽ ብሩሽ ወደ ውስጥ ሮጠ። ፈታኟ ወጣት ናት፤ ታብሌቶቹን እየሰበሰበች ነበር። ነገራት፣ ለመናት። ጉንዳን ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ላይ ያለውን ታብሌት አነሣችና ከታች መሃል ያለችውን ክብ ነገር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት። መስታወቱ ቦግ አለ። ነጭ ገጽ፣ ከጎኑ ቀለሞቹ፣ ከላይ ቀስቱ። ልክ እንደ ካርቶኑ።

«ተኝቶ እኮ ነው» አለች ፈታኟ። «ዝም ካሉት ይተኛል። ይቺን ብትነካት ኖሮ ይነቃላት ነበር።»

ጋሽ ብሩሽ ክቧን ቁልፍ አያት። ለጌጥ ናት ያላት እሱ ነው። በሠራው ካርቶን ሁሉ ላይ በገዛ እጁ አሳምሮ የሳላት እሱ ነው። 

«እባክሽ የኔ እህት፣ ጥቂት ደቂቃ ስጫት። እጇ ፈጣን ነው። አንዴ ካየችው አትሳሳትም፤ እባክሽ!»

«እኔ ምን ከፋኝ ነበር፣ ጋሼ?» አለች፤ እውነትም ያዘነች ትመስላለች። «ሲስተሙ ተዘግቷል። ባዶ ብሎ ልኮታል። እኔ ልከፍተው አልችልም።»

ሲስተሙ ተዘግቷል! ስንቱ በር ነው በዚህች ቃል የሚዘጋው!

ሲወጣ አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«መምህር፣ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«እፎይ! ተመስገን!» አለ ጫማ ሰፊው ደረቱን ይዞ። የተረፈ ነው የመሰለው፣ ምስኪን። ጋሽ ብሩሽ የቀረውን በምን አፉ ይንገረው? ወደ ሰፈር ጉዞ ጀመሩ። ልጅቷ ከኋላ ኋላ ትከተላለች።

ውጤት ሲመጣ ስሟ አልነበረም። አባቷ አልተቆጣም፤ «እንግዲህ እግዜር ያላለው አይሆንም» ብሎ ለእህቱ ላከባት። ትምህርት ሲዘጋ ዳቦ ቤት ትገባለች ተባለ።

ጋሽ ብሩሽ በዚያው ሰሞን ንብረት ክፍል ገባና ለሁሉም ታብሌቶች ፈረመ። ባለቤቱን አላማከረም። እትዬ መዝጊያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ቁምሳጥኑን እየከፈቱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ የኔ ልጅ» አሉት። ልክ ናቸው። ላስቲኩን አንድ በአንድ ቀደደው።

ታብሌቶቹን በየጠረጴዛው አስቀምጦ ነጩን ገጽ ከፈተላቸው። ልጆቹ ከልማዳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ጉንዳን ጥግ ላይ ናት፤ ጠረጴዛው እንኳ እንዳይነካት ወንበሯን ሸሸት አድርጋለች።

«ማንም እንዳይነካ» አለ ጋሽ ብሩሽ። «ዝም ብላችሁ እዩት።»

አዩት። ትንሽ ቆይቶ የፊተኛው ታብሌት ድርግም አለ። ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። «ቲቸር፣ ተበላሸ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ጉንዳን ከወንበሯ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«አልተበላሸም» አለ ጋሽ ብሩሽ። «ዝም ሲሉት ይተኛል። ከታች ያለችው ክብ ነገር፣ እኔ ለጌጥ ናት ያልኳችሁ፣ ለጌጥ አይደለችም። እኔ ሳላውቅ ነው የነገርኳችሁ። በአንድ ጣት ጫን አድርጓት።»

ክፍሉ ባንድ ጊዜ በራ። ልጆቹ «ዋው!» እያሉ ይንጫጩ ጀመር፤ ያጠፋሉ፣ ያበራሉ። ጋሽ ብሩሽ በመሃላቸው አልፎ ጉንዳን ዘንድ ሄደ። አሁንም እጇ ከኋላዋ ነው። የእሷን ታብሌት አንሥቶ ፊት ለፊቷ ያዘላት። ብዙ አፈጠጠችበት፤ እንደ ልማዷ። ከዚያ አንድ ጣቷን አውጥታ ክቧን ቁልፍ ነካ አደረገቻት።

መስታወቱ በራ። ነጩ ገጽ ወለል ብሎ ተዘረጋ።

«ቲቸር» አለች ቀና ብላ። «ይኼ ብቻ ነበር?»

«አዎ» አላት። «ይኼ ብቻ ነበር።»

ጉንዳን የዩኒፎርሟን እጅጌ ሳብ አድርጋ ጣቷ ያረፈበትን ቦታ አሻራው እስኪጠፋ ጠረገችና ታብሌቱን በሁለት እጇ መለሰችለት።